እናቴ የተለቀሰላት ሰሞን

እናቴ አልቃሽ ነበረች። ከደብረ ማርቆስ ወደ ደብረ ኤልያስ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለችው መንደራችን ሰው ሲሞት ከቄሱ ቀጥሎ የሚላክባት እሷ ነበረች። ድምጿ ወፈር ያለ ነው፤ ሰው ሁሉ ሲንጫጫ እንኳ ከሥር ተለይቶ ይሰማል። ሰዎች የሚወዱላት ግን ድምጿን ብቻ አልነበረም። ሟቹን በልኩ ታውቀዋለች። ሰነፍ ገበሬ ሲሞት ስለ እርሻው አንድ ቃል አትተነፍስም፤ ስለ ሳቁ፣ ስለ ልጆቹ፣ ከገበያ ሲመለስ ስለሚያፏጨው ፉጨት ታወርዳለች። ለቀስተኛው "እውነት ነው፣ እንዲህ ነበር" እያለ ያለቅሳል።

ከጎኗ የማትለይ አንዲት ጓደኛ ነበረቻት። እናቴ ሙሾውን ታወርዳለች፣ ጓደኛዋ ትቀበላለች። ከልጅነታቸው ጀምሮ አብረው ስላለቀሱ የአንዷ ትንፋሽ የት ላይ እንደሚያልቅ ሌላዋ ታውቃለች። በሥጋ ባንዛመድም እኔና ታናሽ ወንድሜ ይህችን ሴት አክስቴ እያልን ነው ያደግነው።

አባታችን የሞተው እኔ ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ ነው። ያን ቀን "ዛሬስ ሌላ ሰው ያውርድ" ቢሏት እናቴ እምቢ አለች። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ መሀል ገባችና እንዲህ አለች፦

በሬው ከነቀንበር ቆሞ ይጠብቃል፤
አራሹ ዘገየ ጀንበሩ ይጠልቃል።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰው ቀበርን፤ ብዙ ሙሾም ከአፏ ሰማሁ። እኔ መምህራን ማሠልጠኛ ገብቼ ወጣሁና ደብረ ማርቆስ የሳይንስ አስተማሪ ሆንኩ። ወንድሜ ዩኒቨርሲቲ ገባና እዚያው መምህር ሆኖ ቀረ፤ በኋላም ለሦስተኛ ዲግሪ ወደ ሕንድ ተላከ። እናታችን መንደሩን አልለቅም ብላ እዚያው ቀረች።

ሚሌኒየሙን ካከበርን አሥር ዓመት ያህል ቢሆነን ነው፤ ክረምት ሲገባ እናቴ መድከም ጀመረች። ዕድሜዋ ወደ ሰባው ስለተጠጋ መጀመሪያ እርጅና ነው አልን። ከዚያ በክንዷና በጭኗ ላይ ጠቆር ያለ ሰማያዊ ምልክት ይወጣ ጀመር። ማንም ሳይነካት፣ የትም ሳትወድቅ። አንዱ ሲደበዝዝ ሌላው ይተካል። ከክርኗ በላይ የወጣው ደግሞ አራት ጣት አሳርፎ የጨመቃት ሰው ያለ ይመስል ነበር።

መንደሩ ውስጥ ወሬ ተነሣ። ይህን ሁሉ ዘመን ሙታንን በስማቸው ስትጣራ ኖራ አሁን መልስ ሰጧት ተባለ። አንዲት ጎረቤት ፊት ለፊት መጥታ "እህቴ፣ የያዘሽ የሰው እጅ ነው፤ የማን እንደሆነ ለይተሽ አስምሪለት" አለቻት። እናቴ እጅጌዋን ወደታች ስባ "ማንንም በክፉ አላነሣሁም" ብላ መለሰች። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ብቻዋን መተኛት ተወች፤ አክስቴን እየጠራች ታሳድራት ነበር።

ጠበል ገባች። ሁለተኛው ሳምንት ላይ ልጠይቃት ስሄድ የጠበል መጠጫ ጣሳዋን ለማለቅለቅ አነሣሁት። ከውስጡ የቀረው ውሃ ሮዝ መልክ ነበረው። ድዷ እየደማ ነበር። አብረዋት የነበሩት ሰዎች ውሃው ራሱ ተለወጠ ብለው ራቅ ራቅ ብለው ተቀምጠዋል። እኔ ግን በማግስቱ ይዣት ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ገባሁ።

የላብራቶሪ ባለሙያው ደሟን መስታወት ላይ ቀብቶ በማይክሮስኮፑ ለረጅም ጊዜ አየ። ከዚያ ሌላ ባለሙያ ጠራ። እሱም አየ።  የሳይንስ አስተማሪ መሆኔን ነግሬ ልይ አልኳቸው፤ ተነሡልኝ። ለተማሪዎቼ በሰሌዳ ላይ የምስላቸው ነጭ የደም ሴሎች የተለያየ ቅርጽ ያላቸው፣ እዚህም እዚያም የተበተኑ ናቸው። እነዚህ ግን ሁሉም አንድ ዓይነት ነበሩ። ትልልቅ፣ ክብ፣ ሐምራዊ፣ ጎን ለጎን ተጠጋግተው የቆሙ። ዓይኔን ከመስታወቱ ሳነሣ የተመለከቱኝ መሰለኝ።

አዲስ አበባ ተላክን። ከዳሌ አጥንቷ መቅኔ ተወሰደና ውጤቱ መጣ፦ አጣዳፊ የደም ካንሰር። ሐኪሙ ወጣት ቢጤ ነበር፤ ወደ ኮሪደር አውጥቶ ነገረኝ።

"ለወጣት የምንሰጠውን ጠንካራ ኬሞቴራፒ ለእሳቸው ብንሰጥ ከበሽታው በፊት መድኃኒቱ ይጥላቸዋል። አቅልለን ብንሰጥ ደግሞ በሽታው ትንሽ ሸሸት ብሎ ይመለሳል። የዕድሜያቸው ነገር ነው የቸገረን።"

ለእናቴ እንዴት እንደምነግራት ሳስብ በሩ ላይ ቆማ አየኋት።

"ንገሪኝ" አለች። "ከእናንተ ከሁላችሁ ይልቅ ከሞት ጋር የዋልኩ እኔ ነኝ።"

ነገርኳት። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፤ በሽታው የገባው ከውጭ ነው ወይስ ከራሷ የተነሣ? ከራስሽ ደም ነው አልኳት። ተቀመጠችና እፎይ አለች። ከሙታን አለመሆኑን ነበር ማወቅ የፈለገችው።

ወንድሜ ሕንድ ሆኖ ወረቀቶቿን ከዩኒቨርሲቲው አጠገብ ላለው ሆስፒታል አሳየ። እዚያ የደም ካንሰር የሚያክሙ አንዲት ሽበታም ሐኪም ሌላ መንገድ አለ አሉት። ቀለል ያለ ኬሞ ይሰጣታል፤ ኬሞው የተወውን ለመጨረስ ደግሞ ኢሙኖቴራፒ የሚባል መድኃኒት ይጨመርበታል። መድኃኒቱን አምራቹ ለአንዳንድ በሽተኛ በነጻ የሚሰጥበት መንገድ ስለነበር እሳቸው ራሳቸው ጻፉላት። ትምህርት ቤቱ ፈቃድ ሰጠኝና ይዣት ሄድኩ።

የመጀመሪያው ኬሞ ጠጉሯን ወሰደው፤ እግሯን አደከመው፤ ግን አልጣላትም። የአዲሱ መድኃኒት ጊዜ ሲደርስ ሐኪሟ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጠው አስረዱን፤ ወንድሜ ወደ አማርኛ ይመልስ ነበር።

"እማ፣ በደምሽ ውስጥ በሽታ የሚጠብቁ ዘበኞች አሉ። የታመሙት ሴሎች ግን ከሌላው ጋር ስለሚመሳሰሉ ዘበኞቹ ዝም ብለው ያልፏቸዋል። ይኼ መድኃኒት ሁለት እጅ አለው። በአንዱ እጁ ዘበኛውን ይይዛል፣ በሌላው የታመመውን ይይዛል፤ ከዚያ ፊት ለፊት ያገናኛቸዋል።"

እናቴ ትንሽ አሰበች።

"ታዲያ የራሴን ሰዎች በራሴ ላይ ነው የሚያስነሣብኝ?"

ወንድሜ ለሐኪሟ ተረጎመላቸው። አልሳቁም። "አዎ፣ ልክ ነው። ስለዚህ ነው ተጠንቅቀን የምንሰጠው" አሉ።

መድኃኒቱ በአንዴ የሚሰጥ አይደለም። በትንሽ ፓምፕ፣ ሌት ተቀን ሳያቋርጥ፣ ለሳምንታት ወደ ደም ሥሯ ይንጠባጠባል። ፓምፑ በቦርሳ ሆኖ ትከሻዋ ላይ ይንጠለጠላል። መታጠቢያ ቤት ስትሄድ አብሯት ይሄዳል፣ ስትተኛ አብሯት ይተኛል። በየጥቂት ሰከንዱ "ጥስ" የሚል ድምፅ አለው። እናቴ በመጀመሪያው ቀን ጆሮዋን አስጠግታ አዳመጠችውና "ይኼ ነገር ይተነፍሳል" አለች። ከዚያ በኋላ ከማንም ጋር ስታወራ ድምጿን ዝቅ ታደርግ ነበር፤ እንዳይሰማት ይመስል።

መድኃኒቱ አንዳንድ ጊዜ አንጎል ድረስ ሄዶ ነገር ያሳስታል። ስለዚህ ማንኛውም በሽተኛ ጠዋት ጠዋት አንድ ዓረፍተ ነገር እንዲጽፍ ይደረጋል፤ ጽሕፈቱ ከተበላሸ ሐኪም ይጠራል። እናቴ ግን ፊደል አልቆጠረችም። ሐኪሟ "እንግዲያው በልቧ የምታውቀውን፣ የማትስተውን አንድ ነገር በየጠዋቱ ትበል። አንድ ቃል ከተለወጠ ወዲያው ንገሪን" አሉኝ። እናቴ ሳታመነታ የአባቴን ሙሾ መረጠች። ስለዚህ በየጠዋቱ ነርሷ ስትገባ፣ አማርኛ በማያውቅ ሕንጻ ውስጥ፣ በሬው ከነቀንበሩ ይቆማል፣ ጀንበሩም ይጠልቃል። በሽተኞቹ መዝሙር ይመስላቸው ነበር፤ አንዲት አሮጊት እጆቿን አጋጥማ ታዳምጣት ነበር።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ኃይለኛ ትኩሳት ያዛት። የሚጠበቅ ነው አሉን፤ ዘበኞቹ ተነሥተዋል። ከትኩሳቱ ጋር ስትታገል ቆይታ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በረደላትና ጥሩ እንቅልፍ ወሰዳት። ወንድሜ ደስ ብሎት ወደ ኮሪደር ወጣ፤ የእናታችን ታናሽ ወንድም ለሆኑት መንደር ላሉት አጎታችን ደወለ። በዚያ ሰሞን አገር ቤት ኔትወርክ አንዴ ይመጣል፣ ለቀናት ይጠፋል። መስመሩ ተንጫጫ፣ ከዚያ ተቆረጠ። ደጋግሞ ሞከረ፤ አልገባለትም። "ምንም አይደል፣ ዋናውን ነግሬያቸዋለሁ" ብሎ ተመለሰ።

በማግስቱ ጠዋት ነርሷ ገባች።

"እማ፣ የአባዬን በይልን" አልኳት።

ፊቷ ወደ መስኮቱ ነበር። ቀኝ እጇ አንሶላው ላይ ይንቀጠቀጣል። ዜማው ያው የለመድኩት ዜማ ነው፤ ስለዚህ ቃሉን ወዲያው ልብ አላልኩትም።

ላልቃሿ ማን ያልቅስ ድምጿን ይዛው ሄዳ፤
ቤቱ ሰው ሞልቶታል እሷ ብቻ እንግዳ።

ይህን ሙሾ ከዚያ በፊት ሰምቼው አላውቅም።

"እማ፣ የአባዬን ነው ያልኩሽ።"

ዞራ አየችኝ። ዓይኗ ጥርት ያለ ነው፤ ግን እኔን አላወቀኝም። እንግዳ ሲገባባት እንደምታደርገው ሰብሰብ ብላ ቦታ ለቀቀችልኝ።

"ይግቡ፣ ይቀመጡ" አለችኝ። "ከሩቅ ነው የመጡት? ሰው በዝቷል፤ ግድ የለም፣ እዚህ ጋ ይጠጉ።"

እናቴ እርስዎ ስትለኝ የመጀመሪያዬ ነበር። 

"ማን ሞቶ ነው?" አልኩ፤ ለምን እንደጠየቅሁ እስካሁን አላውቅም።

"የቤቱ እመቤት ናት። አልቃሽ ነበረች ይላሉ።" ድምጿን ዝቅ አደረገች። "ከደጅ ገብስ ተከምሮ ድንኳኑን ከጓሮ ተከሉት። ጓደኛዋን አዩአት? ድምጿ ሰልሏል፤ አላወጣላት ብሏል። የሚቀበላት የለም እኮ።"

ነርሷ ቋንቋውን ባታውቅም ፊቴን አይታ ሮጠች። ሐኪሟ መጡና ጣታቸውን እያንቀሳቀሱ ተከተይ አሏት፤ ዓይኗ የሚከተለው ሌላ ነገር ነበር። ፓምፑን አቆሙት። ቀን ከሌት የለመድነው ድምፅ ሲቆም ክፍሉ ውስጥ የወረደው ጸጥታ ከበደኝ። እናቴ ራሷ ቀና ብላ "ማን ነው የወጣው?" ብላ ጠየቀች። ከዚያ የሚያበርድ መድኃኒት ወጓትና እንቅልፍ ወሰዳት።

ስትነቃ ስሜን ጠራችኝ። የአባቴን ሙሾ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በትክክል አለችው።

"የት ሄጄ ነበር?" አለችኝ።

"የትም፤ ተኝተሽ ነበር።"

 ሐኪሟ መድኃኒቱ ያመጣው መቃወስ መሆኑን፣ እንደሚያልፍ፣ በትንሽ መጠን እንደገና እንደሚጀምሩላት ነገሩን። አመንኳቸው፤ ዛሬም አምናቸዋለሁ።

ከሳምንት በኋላ ወንድሜ ለአጎታችን መስመር አገኘ። እኔም እንድሰማ ድምፁን ከፍ አደረገው።

"ጋሼ፣ እንደምን ከረማችሁ? እማ ሰላም ትላችኋለች።"

 ንፋስ ብቻ ይሰማል፤ አጎታችን ኔትወርክ ፍለጋ የሚወጡበት ኮረብታ ላይ እንዳሉ ገባኝ።

"ጋሼ? ይሰማል?"

"ማን ሰላም አለን?" አሉ፤ ድምፃቸው የእሳቸው አይመስልም።

"እማ።"

"አንተ ልጅ፣ ከማን ጋር ነው የምነጋገረው? በሥላሴ ስም!"

ስልኩ ድንጋይ ላይ ሲወድቅ ሰማን። እንደገና አንሥተውት ሲናገሩ ያለቅሱ ነበር። "አርፋለች አልከኝ እኮ! በገዛ አፍህ አርፋለች አልከኝ!"

ወንድሜ ግድግዳውን ተደገፈ። ልክ ነበሩ። ትኩሳቱ ለቋት ዕረፍት አግኝታለች ለማለት "እማ ዛሬ አርፋለች" ብሎ ጀምሮ ነበር፤ የቀረውን መስመሩ ወሰደው። በአገራችን አርፋለች ማለት ሁለት ትርጉም አለው፤ አጎታችን የያዙት ሁለተኛውን ነው። በማግስቱ ጠዋት መርዶው ተነገረ፣ ድንኳን ተተከለ፣ ፍትሐት ተደረገላት። ሦስት ቀን ለቅሶ ተቀመጡ።

"ደጁን ገብስ ሞልቶት ድንኳኑን እንኳ ከጓሮ ነው የተከልነው" አሉ አጎታችን፤ ይቅርታ የሚጠይቁ ይመስላሉ።

ወንድሜ ማጽናናት ያዘ። እኔ ኮሪደሩ ወለል ላይ ተቀመጥኩ። መርዶው የተነገረው የትኛው ጠዋት እንደሆነ ጠየቅኳቸው። ያው ጠዋት ነበር።

ለእናታችን ከመንገር አልቀረንም። ወንድሜ ትደነግጣለች ብሎ ፈርቶ ነበር። እሷ ግን ረጋ ብላ ሰማችና የሰው ብዛት ጠየቀች፤ ማን ከየት እንደመጣ ጠየቀች። ከዚያ "ማን አወረደ?" አለች።

"አክስቴ ናት" አላት ወንድሜ።

"ምን አለች?"

አልጠየቅንም ነበር።

መድኃኒቱ በትንሽ መጠን ተጀመረ፤ ሁለተኛ አልተቃወሰችም። ዙሩ ሲያልቅ ዕረፍት፣ ከዚያ ቀላሉ ኬሞ፣ ከዚያ እንደገና ፓምፑ፤ እንዲህ እንዲህ እያለ ወራት አለፉ። መቅኔዋ ሲመረመር የታመመ ሴል አልተገኘበትም። ሐኪሟ ቃል አልገቡልንም። "በዚህ ዕድሜ ይህን ያህል መድረሷ ትልቅ ነገር ነው። ሊመለስ ይችላል፤ ላይመለስም ይችላል። በየጊዜው ደሟ ይታይ" ብለው አሰናበቱን።

መስከረም ላይ ተመለስን። አውቶቡሱ ዓባይ በረሃን ሲወጣ ጉም ስለነበር ደጀን እስክንደርስ በመስኮቱ የሚታይ ነገር አልነበረም። እናቴ አጭር ነጭ ጠጉር አብቅላ፣ ሻሽ አስራ፣ ዝም ብላ ነጩን ታይ ነበር። ደብረ ማርቆስ እኔ ቤት ጥቂት ቀን ዐረፈችና ወደ መንደር ወሰድኳት።

ከመኪና ወርደን በእግር ስንሄድ ከፊታችን እናቴ መጣች። ሌላ ቃል የለኝም። በአረንጓዴ ጥለት የተሠራው የጥምቀት ቀሚሷ፣ ጥለቱ የሚመሳሰለው ነጠላዋ፣ በሷ ልክ የታጠቀ መቀነት። ከጎኔ ያለችውን እናቴን ክንዷን ያዝኳት፤ እሷም የኔን ያዘች። ስትቀርብ ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ የምትቀመጥ አንዲት ምስኪን ሴት ናት። ሰልስት ሲወጣ የሟች ልብስ ለነዳያን ይሰጣልና የእናቴም ተሰጥቷል። ሴትየዋ እናቴን አይታ መንገዱ መሀል ደርቃ ቀረች። ከዚያ ነጠላውን ማውለቅ ጀመረች።

"ተይው፣ ልበሺው" አለቻት እናቴ። "ያምርብሻል።"

ሴትየዋ በማሳው አቋርጣ ሮጠች።

መንደሩ በሕይወት እንዳለች ካወቀ ቆይቷል፤ አጎታችን ለሁሉም ነግረዋል። ግን የተለቀሰለትን ሰው ፊት ለፊት ማየት ሌላ ነገር ነው። ሊስሟት የመጡት ጉንጫቸውን አስጠግተው ሳይነኳት ይመለሳሉ። ያቀረበችውን ጠላ የያዙት እንጂ የጠጡት ጥቂት ናቸው። አንድ ሽማግሌ እግሮቿን ትኩር ብለው ሲያዩ ያዝኳቸው፤ ጥላ እንዳላት እያረጋገጡ እንደሆነ በኋላ ሰማሁ።

እናቴ ወደ ንስሐ አባቷ ሄደች።

"አባቴ፣ ፍትሐት ተደርጎልኛል። ታዲያ አሁን ከየትኛው ወገን ነኝ?"

ቄሱ መስቀላቸውን ግንባሯ ላይ አሳርፈው ረጅም ጊዜ አቆዩት። "ጸሎት አይጠፋም ልጄ፤ ተቀምጦ ይጠብቅሻል። አንቺ ግን ከኛ ጋር ነሽ፤ ጾሙንም ጹሚ፣ ቅዳሴም ነይ" አሏት። ይህ ትንሽ አረጋጋት።

አክስቴ ግን አልመጣችም። ብዙ ቀን ጠበቅናት። በመጨረሻ እናቴ ምርኩዟን ይዛ ራሷ ሄደች፤ እኔም ተከተልኳት። አክስቴ ሽንብራ ስትለቅም አገኘናት። ሰፌዱን አስቀምጣ ተነሣች፣ እናቴን አቀፈቻት፤ እሷ ብቻ ናት በእውነት ያቀፈቻት። ሁለቱም አለቀሱ፤ ከዚያ ሳቁ። ከዚያ እናቴ "ምን ብለሽ አወረድሽልኝ?" አለቻት።

"ተይኝ እባክሽ። ለቆመ ሰው አይባልም።"

"እኔ ነኝ የጠየቅሁሽ።"

"አላወጣልኝ ብሎ ነበር። ድምፄ ዘግቶ፣ ሰው ሁሉ እያየኝ፣ የሚቀበለኝም የለ። ቆይቶ ግን ራሱ መጣ።" መሬት መሬት እያየች፣ ያለ ዜማ፣ ቶሎ ቶሎ አለችው፦ ላልቃሿ ማን ያልቅስ ድምጿን ይዛው ሄዳ፤ ቤቱ ሰው ሞልቶታል እሷ ብቻ እንግዳ።

 እናቴን አየኋት። ፊቷ ላይ ምንም አልነበረም፤ እንደ ባለሙያ ጭንቅላቷን ቀስ አድርጋ ነቀነቀች።

"ጥሩ ነው" አለች። "ልኬን አውቀሽዋል።"

ስንመለስ ለራሴ ብዙ ነገር አስረዳሁ። ዕድሜ ልካቸውን አብረው ሙሾ ያወረዱ ሴቶች ናቸው፤ ግጥሙ ከሁለት አንዳቸው ዘንድ ድሮ የተጠነሰሰ ሊሆን ይችላል። ገብሱ በዚያ ወር ሁልጊዜ ደጅ ነው የሚከመረው። ጓሮውም ያለው አንድ ነው። እናቴ ምርኩዟን ተደግፋ በጎኔ ትሄድ ነበር።

ከዚያ በኋላ የመጣው ግን እኔ ያልጠበቅሁት ነው። ፍርሃቱ እየለቀቀ ሲሄድ ሰዎች ቀስ በቀስ፣ አንድ በአንድ፣ ጠዋት ጠዋት ይመጡ ጀመር። ጤናዋን ይጠይቃሉ፣ ስለ ዝናቡ ያወራሉ፣ ከዚያ ድምፃቸው ይለወጣል። አንዱ ስለ አባቱ ጠየቃት። አንዷ በወሊድ ስለሞተችው ልጇ። "እዚያ ሳለሽ አይተሻት ይሆን?" እናቴ መጀመሪያ ተቆጣች። ሕንድ አገር ነው የነበርኩት፣ ሆስፒታል ነው አለች። እነሱ ግን አንገታቸውን ደፍተው ይጠብቃሉ። በመጨረሻ "አላየሁም" ብቻ ትላቸው ጀመር። እያዘኑ ይሄዳሉ፤ ሌላ ሰው ይመጣል።

አንድ ቀን ከወደ ደብረ ኤልያስ አንዲት ሴት በእግሯ መጣች። ወንድ ልጇ ከጓደኞቹ ጋር ሥራ ፍለጋ ብሎ በበረሃ ወጥቶ ድምፁ ከጠፋ ዓመታት አልፈዋል። አንዱ ሞተ ይላታል፣ ሌላው ታየ ይላታል። ለቅሶ ልትቀመጥ አልቻለችም፤ ልትተወውም አልቻለችም። መልኩን ነገረቻት፤ ቁመቱን፣ ግንባሩ ላይ ያለችውን ጠባሳ።

እናቴ እንደ ሌሎቹ ቶሎ አልመለሰችላትም። ዓይኗን ጨፍና ብዙ ቆየች። አልዋሽም፣ ፈራሁ፤ ያን የሆስፒታሉን ጠዋት መሰለኝ።

"አላየሁትም" አለች በመጨረሻ። "በደንብ አስቤ ነው። እንዲህ ያለ ልጅ እዚያ አላየሁም።"

ሴትየዋ እጆቿን አፏ ላይ ጫነች። "እዚያ የለም ማለት ነዋ" አለች። እናቴ አዎም አይደለምም አላለችም። ሴትየዋ ጉልበቷን ስማ፣ ነጠላዋን አስተካክላ፣ ስትመጣ ከነበረችው ሴት በዕድሜ ያነሰች መስላ ወጣች።

እኔ ግን አላስቻለኝም። "እማ፣ እዚያ የምትዪው የት ነው? ምን አየሽ?"

ከጋጣው በኩል ጥጃው እየጮኸ ነበር። ወደዚያ እያየች መለሰችልኝ።

"የኔን ለቅሶ አየሁ። የሞተ ሰው አልነበረበትም፤ ሁሉም የማውቃቸው፣ በሕይወት ያሉ ናቸው። አንዲት ሴት ብቻ አላወቅኋትም፤ ከደጅ ቆማ ታየኛለች። ነይ ግቢ ብላት እምቢ አለች።" ምርኩዟን አነሣች። "አንቺ አስተማሪ ነሽ፤ መድኃኒቱ ነው በይ። እኔም ለሰው እንደዚያ ነው የምለው።"

ያላወቀቻት ሴት እኔ መሆኔን ልነግራት አፌን ከፈትኩ። ከዚያ እኔ ደጅ እንዳልቆምኩ፣ አልጋዋ አጠገብ እንደነበርኩ ትዝ አለኝና ተውኩት።

እናቴ በየጥቂት ወሩ አዲስ አበባ ሄዳ ደሟን ታሳያለች፤ እስካሁን ንጹሕ ነው። ለቅሶ ቤት ትሄዳለች፤ አሁን ግን አክስቴ ታወርዳለች፣ እሷ ትቀበላለች። ጥያቄ ይዘው የሚመጡት ሰዎች ቀንሰዋል፤ ፈጽመው ግን አልቀሩም። ባለፈው እሑድ ስደውልላት ስለዚህ ሁሉ አንድም ነገር አላነሣችም። ዝናቡ ከቆርቆሮው ሥር እየገባ አልጋዋን አርሶታል፤ ሚስማር መቺ ሰው ይዘሽ ነይ ብዬሽ እስከ ዛሬ ዝም አልሽ ብላ ተቆጣችኝ።